ለከርሞ እንተያያለን፤ የብሩክሊን ሕዝብና የቤዝቦል ፍቅሩ

ሰው ከዕለት እንጀራው ቀጥሎ የሚያስፈልገው ምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፥ አንዱ ዕውቀት ነው፥ ሁለተኛው ጤና ነው፥ ሦስተኛውም ክብር ነው ይል ይሆናል። ሁሉም እውነት አላቸው። ነገር ግን የሕዝቦችን ኑሮ አተኩሮ የሚመለከት ሰው ከእነዚህ ጋራ አንድ ሌላ ነገር ያገኛል፤ እርሱም ሰዎች ከሥራቸው በኋላ በአንድነት የሚወዱት፥ በአንድነት የሚጨነቁለትና በአንድነት የሚደሰቱበት ነገር ነው። ይህ ነገር በአንዱ አገር የፈረስ ጉግሥ፥ በሌላው አገር ትግል፥ በሌላውም የእግር ኳስ ሆኖ ይገኛል። በአሜሪካ የተባበሩት መንግሥታት ደግሞ ከመቶ ዓመት በላይ ይህን ስፍራ ይዞ የኖረው ቤዝቦል የሚባለው ጨዋታ ነው።

ስለ ጨዋታው ጀግኖች ብዙ ተጽፏል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን ከአጥሩ ወዲህ ተቀምጦ የሚመለከተውን ሰው፥ ማለት ደጋፊውን ለማሳየት ነው። ለዚህም ምሳሌ እንዲሆነን የኒው ዮርክ ከተማ ክፍል የሆነችውን የብሩክሊንን ሕዝብ መርጠናል፤ ምክንያቱም የደጋፊነት ደስታው፥ ኀዘኑና ዕጣ ፈንታው እንደዚያ ጎልቶ የታየበት ስፍራ ጥቂት ስለ ሆነ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እንለምናለን።

ጨዋታው ለማያውቀው ሰው ግራ የሚያጋባ ቢመስልም ሥረ ነገሩ ቀላል ነው። ዘጠኝ ዘጠኝ ተጫዋቾች ያሉባቸው ሁለት ቡድኖች ይገጥማሉ። የአንዱ ቡድን ወርዋሪ ከ18 ሜትር ጥቂት በሚበልጥ ርቀት ላይ ቆሞ ትንሿን ኳስ ይወረውራል፤ የሌላው ቡድን መቺ ደግሞ በዱላ ለመምታት ይሞክራል። በእኛ አገር የገናን ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ዱላና ኳስ ሲገናኙ የሚሰማውን ድምፅ ለመገመት አይቸገርም። መቺው ኳሱን ከመታ በኋላ፥ 27 ሜትር ያህል እየተራራቁ በአራት ማዕዘን የተቀመጡትን ማረፊያዎች ዞሮ ወደ ተነሣበት ቢመለስ ለቡድኑ አንድ ነጥብ ያስገኛል። ሦስት ሰዎች ከጨዋታ ሲወጡበት የመምታቱ ተራ ለሌላው ቡድን ይሆናል፤ እንዲህ እየተፈራረቁ ዘጠኝ ዙር ይጫወታሉ።

ከዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ማስተዋል ይገባል። አንደኛው፥ የጨዋታው ፍጻሜ እንደ እግር ኳስ በሰዓት የሚወሰን አለመሆኑ ነው። የመጨረሻው ሰው እስኪወጣ ድረስ የተሸናፊው ተስፋ አይቆረጥም። ሁለተኛው፥ ውድድሩ ከጸደይ እስከ መከር በየቀኑ ለማለት በሚያስደፍር አኳኋን የሚደረግ መሆኑ ነው፤ በዚያ ዘመን አንድ ቡድን በዓመት 154 ጊዜ ይጫወት ነበር፤ ኋላ ደግሞ 162 ሆነ። ስለዚህ ቤዝቦል እንደ በዓል በዓመት አንድ ቀን መጥቶ የሚሄድ እንግዳ አይደለም፤ እንደ ጎረቤት ማለዳ የሚጠየቅ፥ ማታም ደኅና እደር የሚባል የዘወትር ባልንጀራ ነው።

የጨዋታውን አመጣጥ በሚመለከት፥ በ1839 ኩፐርስታውን በተባለች አንዲት መንደር በአንድ ሰው ብልኀት ተፈጠረ የሚል ወሬ ለብዙ ዘመን ሲነገር ኖሯል። የታሪክ ጸሐፊዎች ግን ይህን ወሬ አልተቀበሉትም። ከእንግሊዝ አገር ከመጡ የቆዩ የዱላና የኳስ ጨዋታዎች ቀስ በቀስ መውጣቱ፥ ኒከርቦከር የሚባለው የኒው ዮርክ ማኅበርም በ1845 ደንቡን በጽሑፍ ማውጣቱ ታውቋል። በ1869 የሲንሲናቲ ከተማ ቡድን ተጫዋቾቹን ሁሉ በይፋ በደመወዝ ቀጠረ፤ በ1876 ናሽናል ሊግ የተባለው የቡድኖች ኅብረት ተመሠረተ፤ በ1903 ደግሞ የሁለቱ ታላላቅ ሊጎች አሸናፊዎች የሚገናኙበት ወርልድ ሲሪስ የሚባለው የፍጻሜ ግጥሚያ ተጀመረ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለደጋፊው ታላቅ ውለታ የዋለለት ግን አንድ ጋዜጠኛ ነው። ሄንሪ ቻድዊክ በ1824 በእንግሊዝ አገር ተወልዶ በልጅነቱ ወደ ብሩክሊን የመጣ ሰው ነበር። እርሱም የእያንዳንዱን ተጫዋች ሥራ በቁጥር የሚያሳይ የመዝገብ ሰንጠረዥ አሻሽሎ በጋዜጣ ላይ እንዲወጣ አደረገ። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ውጤቱ ታላቅ ነው። በዚህ ሰንጠረዥ ምክንያት በፋብሪካና በጽሕፈት ቤት ተይዞ የዋለው ሠራተኛ በማግሥቱ ጠዋት ጋዜጣውን ገልጦ፥ ማን እንደ መታ፥ ማን እንደ ሳተ፥ ማን እንደ ሮጠ ከቁጥሩ ላይ እያነበበ ጨዋታውን በሐሳቡ ለማየት ቻለ። እኛ የመዝገብ ቤት ሰዎች ቁጥር ደረቅ ነገር እንደ ሆነ አድርገን እናስባለን። የብሩክሊን ደጋፊ ግን ከቁጥር ውስጥ ሳቅም ዕንባም ያገኝ ነበር።

ብሩክሊን እስከ 1898 ድረስ ራሷን የቻለች ከተማ ነበረች። በዚያ ዓመት ከኒው ዮርክ ጋራ ስትቀላቀል የከተማነት ስሟን አጣች። የቀራት የራሷ ነገር ቢኖር የቤዝቦል ቡድኗ ነበር። ስሙም ዶጀርስ ይባላል፤ ትርጓሜው ዘወር ብሎ የሚያመልጥ ማለት ነው። ይህም ስያሜ የብሩክሊን ሰዎች በየመንገዱ ከሚከንፈው የኤሌክትሪክ ትራም እየሸሹ ስለሚሻገሩ ከወጣላቸው ቅጽል ስም የመጣ ነው። በ1913 የቡድኑ ባለቤት ቻርልስ ኤቤትስ በስሙ የሚጠራውን ሜዳ አሠራ። ኤቤትስ ፊልድ 32 ሺህ ያህል ሰው ብቻ የሚይዝ ጠባብ ስፍራ ነበር፤ ነገር ግን ጥበቱ ራሱ ጸጋ ሆነለት፤ ተመልካቹ ለተጫዋቹ ቅርብ ስለ ነበረ የሚናገረውን ይሰማ፥ የፊቱንም ሁኔታ ያይ ነበር።

በዚህ ሜዳ የሚሰበሰበው ሕዝብ ከብዙ አገር የመጣ ነበር፤ አይሁዳዊው፥ ኢጣሊያዊው፥ አየርላንዳዊው፥ ከደቡብ ክፍል የተሰደደው ጥቁር አሜሪካዊ ጎን ለጎን ይቀመጣል። ብዙዎቹ አባቶች የአገሩን ቋንቋ በቅጡ አያውቁም ነበር፤ ልጆቻቸው ግን በቤዝቦል አማካይነት የአገሩን ልማድ ይማሩ ነበር። በእኛ ባላገር በገና ጨዋታ ዕለት ጌታና አሽከር በአንድ ሜዳ ተጋፍተው ቂም እንደማይያያዙ ሁሉ፥ በዚያም ባለ ሱቁና ተላላኪው፥ ዳኛውና የወደብ ተሸካሚው ስለ አንድ ኳስ እኩል ይከራከሩ ነበር።

የሕዝቡም ጠባይ የሚያስቅና የሚያስደስት ነበር። ሂልዳ ቼስተር የምትባል አንዲት ሴት ስለ ጤንነቷ እንዳትጮኽ ሐኪም ከከለከላት በኋላ፥ በጩኸት ፈንታ መጥበሻና ጭልፋ ይዛ እየመጣች ታንኳኳ እንደ ነበረች ይነገራል። ተጫዋቾቹም ይህን አይተው የላም ቃጭል ሰጧት፤ ከዚያ ወዲህ የቃጭሏ ድምፅ የሜዳው ምልክት ሆነ። ጥቂት ሰዎችም ጥሩምባና ከበሮ ይዘው በየመቀመጫው መካከል እየዞሩ ያለ ኖታ ሙዚቃ ይነፉ ነበር። በቀኙ አጥር ግርጌ ደግሞ ኤብ ስታርክ የተባለ የልብስ ነጋዴ፥ ማስታወቂያውን በኳስ ለመታ ተጫዋች አንድ ሙሉ ልብስ እንደሚሰጥ ጽፎ አቁሞ ነበር። በማስታወቂያው ፊት ጎበዝ ተከላካይ ስለሚቆም ልብሱን ያገኘ ሰው ጥቂት ነው። ነጋዴው ግን ስሙ በዚህ ታውቆ ኋላ የብሩክሊን ክፍለ ከተማ ሹም እስከ መሆን ደረሰ።

ወደ ሜዳ ለመሄድ ገንዘብ ወይም ጊዜ ያጣም ቢሆን ከደስታው አይጎድልበትም ነበር። በ1939 ሬድ ባርበር የሚባለው ጨዋ አንደበት ያለው ተናጋሪ የቡድኑን ጨዋታ በራዲዮ ማሰማት ጀመረ። በበጋ ወራት መስኮቶች ሁሉ ተከፍተው ስለሚውሉ፥ አንድ ሰው በመንገድ ሲያልፍ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት ጨዋታው ሳይቋረጥበት እየሰማ ይሄድ እንደ ነበር በዚያ ዘመን የነበሩት ሰዎች ይናገራሉ። በዚያው ዓመት ኦገስት 26 ቀን ከታላላቅ ሊጎች ጨዋታ በቴሌቪዥን ለመታየት የመጀመሪያ የሆነው ግጥሚያ ከኤቤትስ ፊልድ ተላለፈ።

ታዋቂዋ የታሪክ ጸሐፊ ዶሪስ ከርንስ ጉድዊን በ1997 ባወጣችው የልጅነት ትዝታ መጽሐፍ የዚህን ኑሮ ጣዕም ገልጣዋለች። አባቷ የባንክ መርማሪ ነበር። ገና በስድስት ዓመቷ የጨዋታውን መዝገብ አያያዝ አስተማራት፤ እርሷም ቀን በራዲዮ የሰማችውን በደብተር እየመዘገበች፥ አባቷ ማታ ከሥራ ሲመለስ ጨዋታውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ትተርክለት ነበር። ታሪክን በቅደም ተከተልና በሚማርክ አኳኋን መናገር የጀመረችው በዚያ እንደ ሆነ ራሷ መስክራለች። እንግዲህ አንድ አባት ከደከመበት ሥራ ገብቶ ልጁን በጥሞና የሚሰማበት ሰዓት ማግኘቱ፥ ልጅቱም በአባቷ ፊት አዋቂ ሆና መቈጠሯ፥ እንዲህ ያለው ነገር በምን ገንዘብ ይገዛል?

ነገር ግን ይህ ሁሉ ፍቅር የተሰጠው ለአሸናፊ ቡድን አልነበረም። ዶጀርስ በ1916፥ በ1920፥ በ1941፥ በ1947፥ በ1949፥ በ1952ና በ1953 ለፍጻሜው ግጥሚያ ደርሶ ሰባት ጊዜ ተሸነፈ። ከሰባቱ አምስቱን ያሸነፈው ያንኪስ የተባለው የዚያው የኒው ዮርክ ባለጸጋ ቡድን ነበር። ከሁሉ የመረረው ግን የ1951 ዓመት ነው። በኦገስት ወር መካከል ብሩክሊን ጃይንትስ ከተባለው ባላጋራው ከአሥራ ሦስት ጨዋታ በላይ ቀድሞ ነበር። ጃይንትስ ቀስ እያለ ደረሰበትና ሦስት ጨዋታ ተጨምሮ እንዲለያዩ ሆነ። ኦክቶበር 3 ቀን በመጨረሻው ጨዋታ፥ የመጨረሻው ዙር ሲጀመር ብሩክሊን 4 ለ 1 ይመራ ነበር። በዚያው ዙር ቦቢ ቶምሶን ኳሱን መትቶ ከአጥር ውጭ አወጣውና ጃይንትስ 5 ለ 4 አሸነፈ። በሰዓት የማይወሰን ጨዋታ ተስፋ እንደሚሰጥ ሁሉ ተስፋ እንደሚነሣም የብሩክሊን ሕዝብ ያን ዕለት ተማረ።

በየዓመቱ መከር እንዲህ ያለ ኀዘን ሲደርስበት ሕዝቡ የሚመልሰው ቃል አንድ ነበር፤ እርሱም «ቆዩ ብቻ፥ ለከርሞ እንተያያለን» የሚል ነው። ይህ ቃል በመጀመሪያ ቀልድ ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን የኑሮ ደንብ ሆነ። የቤት ኪራይ ለከበደው፥ ከሥራ ለወጣ፥ ፈተና ለወደቀ ሰው ሁሉ ጎረቤቱ የሚያጽናናው በዚሁ ቃል ነበር። የሚያሸንፈውን ብቻ የሚወድ ሰው የሚወደው ድሉን እንጂ ቡድኑን አይደለም። የተሸነፈውን ደግፎ ጸደይ ሲመጣ እንደገና ወደ ሜዳ የሚሄድ ሰው ግን መታመን ምን እንደ ሆነ ያውቃል።

ከዚህ ቀጥሎ የምንናገረው ነገር ከጨዋታ በላይ ነው። ከ1880ዎቹ ዓመታት በኋላ በታላላቆቹ ሊጎች ጥቁር ተጫዋች አይገባም ነበር፤ የተጻፈ ሕግ ሳይኖር ባለቤቶቹ ሁሉ በአንድ ልብ ዘግተውት ቆዩ። ጥቁሮቹ የራሳቸውን ሊጎች አቋቁመው ይጫወቱ ነበር። የብሩክሊን ቡድን ሥራ መሪ ብራንች ሪኪ በ1945 ጃኪ ሮቢንሰንን አስፈረመ፤ አንድ ዓመት በሞንትሪያል ካጫወተውም በኋላ ኤፕሪል 15 ቀን 1947 ሮቢንሰን በኤቤትስ ፊልድ ተሰለፈ። አስቀድሞ የተስማሙበትም ነገር ነበር፤ ቢሰድቡት እንዳይመልስ፥ ቢመቱትም እንዳይመታ። ስድቡና ዛቻውም አልቀረለትም፤ ከራሱ ቡድን ሰዎች መካከል እንኳ ከእርሱ ጋራ አንጫወትም የሚሉ ተነሥተው ነበር። እርሱ ግን ቁጣውን በሩጫና በዱላ ገለጠ። በዚያው ዓመት ከአዲስ ገቢዎች ሁሉ የላቀ ተባለ፤ በ1949ም የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆነ።

በዚህ ጊዜ የደጋፊው ድርሻ ምን ነበር? ጥቁር አሜሪካውያን ከሩቅ ከተሞች በባቡር ተሳፍረው እርሱን ለማየት ይጎርፉ ነበር፤ ብሩክሊንን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ሰዎች እንኳ ከዚያ ቀን ጀምሮ የብሩክሊን ደጋፊዎች ሆኑ። በ1947 ወደ ኤቤትስ ፊልድ የገባው ተመልካች 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ያህል ደረሰ። ነጩም የብሩክሊን ደጋፊ ቢሆን፥ አስቀድሞ የነበረው አሳብ ማናቸውም ይሁን፥ ሮቢንሰን ማረፊያውን ሰርቆ በሮጠ ቁጥር ከመቀመጫው እየተነሣ ያጨበጭብ ነበር። ይህ ሁሉ የሆነው የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ውስጥ የዘር ልዩነት እንዲቀር ፕሬዚዳንት ትሩማን በ1948 ካዘዙበት፥ ከፍተኛውም ፍርድ ቤት በ1954 በትምህርት ቤት ጥቁሩንና ነጩን መለየት ሕገ ወጥ ነው ብሎ ከመፍረዱ አስቀድሞ ነው። ጨዋታ ብቻውን ሕግን ይለውጣል አንልም። ነገር ግን ሕግ ከመድረሱ በፊት ሰዎች በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ለአንድ ሰው ማጨብጨብን ሲለምዱ፥ ለሕጉ መንገድ ይጠረግለታል።

እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፥ የብሩክሊንም ቀን ደረሰ። በ1955 ለስምንተኛ ጊዜ ለፍጻሜ ቀርቦ ከያንኪስ ጋራ ሦስት ለሦስት ከሆነ በኋላ፥ ኦክቶበር 4 ቀን ሰባተኛው ጨዋታ ተደረገ። ወርዋሪው ጆኒ ፖድረስ ገና 23 ዓመቱ ነበር። በስድስተኛው ዙር ሁለት የያንኪስ ሰዎች በማረፊያ ላይ ሳሉ ዮጊ ቤራ የመታው ኳስ ወደ ግራው ጥግ በረረ፤ ኩባዊው ሳንዲ አሞሮስ ከሩቅ ሮጦ እጁን ዘርግቶ ቀለበው። ብሩክሊን 2 ለ 0 አሸነፈ። ያን ጊዜ ሕዝቡ ወደ መንገድ ወጣ፤ የመኪና ጥሩምባ፥ የድስት ክዳን፥ የቤተ ክርስቲያን ደወል ሁሉ ተደበላለቀ። ለከርሞ ሲሉ የኖሩት ሰዎች ከርሞ ዛሬ ሆኖ አዩት።

ደስታው ግን ዕድሜ አላገኘም። ሜዳው አርጅቶ ነበር፤ መኪና ማቆሚያውም ጥቂት ነበር፤ ብዙ ቤተ ሰቦችም መኪና እየገዙ ከከተማው ወደ ዳር ወጡ። የቡድኑ ባለቤት ዋልተር ኦማሊ በብሩክሊን መካከል፥ አትላንቲክና ፍላትቡሽ ጎዳናዎች በሚገናኙበት አጠገብ፥ በራሱ ገንዘብ አዲስ ስታዲየም ለመሥራት ፈለገ፤ ነገር ግን መሬቱን ከባለ ይዞታዎቹ ለመሰብሰብ የከተማው ሥልጣን እንዲረዳው ጠየቀ። የኒው ዮርክን የሕዝብ ሥራ በእጁ አድርጎ የኖረው ሮበርት ሞዝስ ደግሞ፥ የመንግሥት ሥልጣን ለአንድ ነጋዴ ትርፍ አይውልም ብሎ ከለከለ፤ በምትኩም በኩዊንስ ክፍል ሌላ ስፍራ አሳየው። ኦማሊም ከብሩክሊን ከወጣን አይቀር ሩቅ መሄድ ይሻላል አለ። የሎስ አንጀለስ ከተማ መሬት ልትሰጠው ተዘጋጅታ ነበር፤ ከዚያም መሬት ላይ አስቀድሞ ብዙ የሜክሲኮ ተወላጆች ከቤታቸው እንዲለቁ መደረጋቸውን ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባም። በዚህ ነገር ማን በደለ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አላበቃም። ሁለቱም በየበኩላቸው ምክንያት ነበራቸው፤ በሁለቱ መካከል ግን ያልተጠየቀ ሦስተኛ ወገን ነበረ፤ እርሱም ደጋፊው ነው።

ሴፕቴምበር 24 ቀን 1957 በኤቤትስ ፊልድ የመጨረሻው ጨዋታ ሲደረግ 6 ሺህ 702 ሰዎች ብቻ ተገኙ። ብሩክሊን ፒትስበርግን 2 ለ 0 አሸነፈ፤ ኦርጋን የምትመታው ሴት የመሰናበቻ ዜማ አሰማች፤ የሜዳው ሠራተኞችም እንደ ወትሮው ሣሩን አስተካከሉ። ኦክቶበር 8 ቀን ቡድኑ መሄዱ በይፋ ተነገረ። በፌብሩዋሪ 1960 ሜዳውን የሚያፈርሰው የብረት ድንቡሎ የቤዝቦል ኳስ እንዲመስል ቀለም ተቀብቶ መጣ፤ በስፍራውም የመኖሪያ ሕንጻ ተሠራበት። ቡድኑ ራሱ በሎስ አንጀለስ ገና በሁለተኛው ዓመት፥ በ1959፥ የፍጻሜውን ግጥሚያ አሸነፈ፤ ብሩክሊን ግን በዚህ ድል ለመደሰት የሚችል ሰው ጥቂት ብቻ ነበራት።

ከዚያ በኋላ በ1962 ሜትስ የሚባል አዲስ ቡድን በኒው ዮርክ ተቋቋመ። የዶጀርስን ሰማያዊና የጃይንትስን ብርቱካንማ ቀለም ደባልቆ ለበሰ፤ በመጀመሪያው ዓመት 120 ጊዜ ተሸነፈ፤ ይሁን እንጂ መሸነፍን የለመዱት ሰዎች ልባቸውን ሰጡት። ሞዝስ ለኦማሊ ባሳየው በዚያው በኩዊንስ መሬት ላይም በ1964 ስታዲየም ተሠራለት። በ1997 የሮቢንሰን 42 ቁጥር በሊጎቹ ሁሉ ለማንም አዲስ ተጫዋች እንዳይሰጥ ተወሰነ። በ2009 የተከፈተው የሜትስ ስታዲየም ደግሞ ፊቱ ኤቤትስ ፊልድን እንዲመስል ሆኖ ተሠራ፤ መግቢያውም በሮቢንሰን ስም ተጠራ።

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? የቡድኑ ውል፥ ፈቃድና ገንዘብ የባለቤቱ ነበር፤ ስለዚህ ሊወስደው ቻለ። ነገር ግን በጠዋት ጋዜጣ የተነበበው ቁጥር፥ በክፍት መስኮት የተሰማው ድምፅ፥ ልጅ ለአባቷ የተረከችው ጨዋታ፥ ጥቁርና ነጭ በአንድነት ያጨበጨቡበት ሰዓት በባለቤቱ መዝገብ ላይ አልተጻፈም፤ ስለዚህም ሊወስደው አልቻለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ የደጋፊነትን ምስጢር ይገልጠዋል። ኀዘንም ቢሆን ከብዙ ሰው ጋራ ሲካፈሉት ይቀላል፤ ደስታም ከብዙ ሰው ጋራ ሲካፈሉት ይበዛል።

በሹመት ላይ ያለ ሰው ስለ መሬት፥ ስለ ሕንጻና ስለ መንገድ ሲወስን፥ በሒሳብ መዝገብ ያልገባ የሕዝብ ፍቅር በዚያ ስፍራ መኖር አለመኖሩን ቢጠይቅ መልካም ነው። አስተማሪና ተማሪ ደግሞ፥ ተራ የሚመስለው የጨዋታ ወሬ የአንድን ሕዝብ ታሪክ ተሸክሞ ሊገኝ እንደሚችል ያስተውሉ። ቀኑን በሥራ ደክሞ የሚገባ ሰው ሁሉ ደግሞ፥ ከባልንጀራው ጋራ የሚወደው አንድ ነገር ካለው፥ ዛሬ ቢሸነፍም እንኳ ለከርሞ እንተያያለን ለማለት የሚያበቃ ሀብት አለው።